ወርቁና የማርታ ላም

ወርቁ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የእግሩን ቁስል አጥባ ለማሸግ በየቀኑ የምትመጣው ነርስ ደወል ብትደውል በሩ አልከፈት ሲላት ወደ እኔ ወጣች። ትርፍ ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር አብረን ወረድን። መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ያንቀላፋ ይመስል ነበር። ነርሷ እጁን ይዛ ጥቂት ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ለምን እንደገለጥኩት አላውቅም።

ጎረቤቴ ነበር። ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ ውስጥ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ አሥራ አራት ዓመት ኖረናል፤ እሱ አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ከዚያ በፊትም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አብረን ሠርተናል። መንገደኛው ከወረደ በኋላ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው ወንበር ሥር ከሚጠርጉት ሰዎች ነበርን። በአሥር ዓመት ስለምበልጠው «እትዬ አስካለ» እያለ አንቱ ይለኛል፤ እኔ አንተ እለዋለሁ።

አበሻው ሁሉ «ኩባ ያደገው ወርቁ» ነው የሚለው። አባቱ ጦር ሜዳ ሞቶበት፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደዚያ ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነው። እዚያው አድጎ፣ የከብት እርባታ ተምሮ፣ በመንግሥት የወተት እርሻ ተቀጠረ። ሚስት አገባ፤ ማርታ የምትባል ልጅ ወለደ። ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። መኖው ከውጭ መምጣቱን አቆመ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ ከብቶቹ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል ብቻ እየበሉ አጥንታቸው ወጣ። ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር፤ ወሬው ግን አያስቅም።

«በገመድ እናነሣቸው ነበር፣ እትዬ። ሆዳቸው ሥር ጆንያ አሳልፈን፣ ስድስት ወንድ ሆነን ጎትተን እናቆማለን። የቆመችዋ ተስፋ አላት። መቆም ያቃታትን ደግሞ እናገላብጣታለን፤ ዛሬ በግራ ጎኗ፣ ነገ በቀኝ። ከዚያ በላይ የምናደርገው አልነበረም።»

ከዚያ ጊዜ የቀረችበት አንዲት ጥያቄ ነበረች። እከሌ ታመመ ሲባል «ምን ያመዋል?» አይልም፤ «ቆሟል ወይስ ተኝቷል?» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ የደብራችን ሊቀመንበር ሆስፒታል ገቡ ተባለና እንደ ልማዱ ይህንኑ ጠየቀ። ሴቶቹ ሳቁበት።

«አንተ፣ ሰውየውን ልታልባቸው ነው እንዴ?» አለችው አንዷ።

«ከቆሙ አስፈቅዳቸዋለሁ» አላት።

ጆሮም ይዳስስ ነበር። አንድ ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሰነበትኩና ሊጠይቀኝ መጣ። በሩን ከፍቼ ስቆም፣ ደህና ነዎት ወይ ሳይል፣ የእጁን ጀርባ ጆሮዬ ላይ አደረገ። «ሞቋል፤ ይድናሉ» አለኝ። ደነገጥኩ። የባሌም እጅ እንደዚያ ሳያስፈቅድ ጆሮዬ ላይ አርፎ አያውቅም።

ከደሴቱ የወጣው አገሩ ሊገባ ነበር። አውሮፕላኑ ስኪፖል ላይ ሲያርፍ ሐሳቡን ለወጠና እጁን ሰጥቶ ጥገኝነት ጠየቀ። «አገሬ ልገባ ስል ስኪፖል ወረድኩ፤ ይኸው ስኪፖልን ስጠርግ አረጀሁ» ይል ነበር። ሚስቱንና ልጁን ጥቂት ቆይቶ ሊያመጣቸው ነበር ሐሳቡ። ጥቂቱ ሠላሳ ዓመት ሆነ። ሚስቱ ሞተች። ማርታ አድጋ፣ አግብታ፣ በደሴቱ መሐል ባለ መንደር ከባሏ ጋር ከብት ታረባለች። ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቷታል።

የተማረበት ወረቀት እዚህ አገር አልሠራለትም። ከላም ጋር የተገናኘበትን አንድ ቀን ብቻ ነው የማስታውሰው። ከፋሲካ በኋላ የደብራችን ሴቶች ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን ያለ የወተት እርሻ ልንጎበኝ በአውቶቡስ ሄድን፤ እሱም ተከተለን። ገበሬው የሚያልበው ማሽን መሆኑን አሳየን። ላሟ በራሷ ጊዜ ትገባለች፤ ማሽኑ ጡቷን ፈልጎ ይይዛል። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ፎቶ አነሡ። ወርቁ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም አጠገብ ቆሟል። የእጁን ጀርባ ጆሮዋ ላይ አድርጓል።

«ይህች ዛሬ ትወድቃለች» አለኝ። ገበሬውን ጠርቶ በሚችለው ደች ነገረው። ገበሬው ጨዋ ሰው ነው፤ የያዘውን ታብሌት አየና «ምንም የሚል ነገር የለም፤ ደህና ናት» አለው። ወርቁ ደግሞ ነገረው። ገበሬው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አንተም ገበሬ ነህ?»

«ስኪፖል ነው የምሠራው።»

ገበሬው ፈገግ አለና ለእያንዳንዳችን አይብ ሰጠን። ስንመለስ ወርቁ አይቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያይ ነበር። «ስልኩን ብቀበለው ኖሮ ደውዬ እጠይቀው ነበር» አለ። ለብዙ ሳምንት ያችን ላም ያነሣታል። ወድቃ ይሁን ደህና ሆና ሳያውቅ ቀረ።

የማርታ ላም ስሟ ፔርላ ነው። በሁለተኛው ጉዞው ከጎረቤት መንጋ ውስጥ አይቶ የመረጠላት እሱ ነው። ማርታ ሌሎች ሁለት ነበሯት፤ አንዷ አርጅታ የነጠፈች፣ ሌላዋ ገና ጊደር። ቤቱ የሚተዳደረው፣ ሁለቱ ልጆቿም የሚጠጡት ከፔርላ ነው። «አባት ሆኜ ለልጄ የሰጠኋት ነገር ቢኖር ፔርላን መምረጤ ነው» ብሎኛል አንድ ቀን። ድንች እየላጠ ነበር፤ ቀና አላለም።

በየቀኑ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚያ ጠዋት ሆኖ አለባው ሲያልቅ፣ ማርታ በቪዲዮ ትደውላለች። እኔ ቤቱ ከሆንኩ እሰማለሁ። በስፓኒሽ ይጮኻል፤ በእጁ ወደ ኋላ በይ፣ ወደ ጎን በይ ይላታል። የሚያየው የላሟን ጡትና እግር ነው።

«ምን አለች?» እለዋለሁ ሲጨርስ።

«ላሟ ደህና ናት።»

«ልጅህስ?»

«እሷም ቆማለች።»

አምና ፔርላ በወለደች ማግሥት ወድቃ ነበር። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ይህ ያገኛታል አለኝ። በሰውነቷ ያለው ካልሲየም ወደ ወተቱ ይሄድና እግሯ ይከዳታል፤ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፤ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ትተኛለች። ካልሲየም ቶሎ ካገኘች ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ ትሄዳለች፤ ካላገኘች አንድ ቀን አትቆይም። ያን ጊዜ የመንደሩ የከብት ሐኪም አንድ የቀረችውን ጠርሙስ ሰጥቶ አዳናት። ሌላ ግን የለኝም አለ። አንዴ የወደቀች ላም ደግሞ ዳግመኛ መውደቋ አይቀርም። ዘንድሮ ፔርላ መውለጃዋ ሲቃረብ ወርቁ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

በአፍ የሚሰጠው ካልሲየም እዚህ አገር የገበሬ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። የሚወስድም ሰው ተገኘ። ፀሐይ የምትባል፣ እዚያው ደሴት አብራው ያደገች፣ አሁን ሮተርዳም በአረጋውያን ቤት የምትሠራ ሴት የድሮ ጓደኞቿን ልትጠይቅ ልትሄድ ነው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የወርቁን እግር ስኳሩ አቆሰለውና ሐኪሙ መሬት እንዳትረግጥበት አለው። ፀሐይ የምትበርርበት ቀን ዋዜማ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ላስቸግርዎ ነው።»

«ምን ልበላቸው?»

«ካልሲየም ይበሏቸው። ለላም፣ ስትወልድ የሚሰጥ፣ በአፍ የሚጠጣ። ትልቁን ጠርሙስ።»

ከፖስታ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፦ ካልሲየም፣ ላም፣ ስትወልድ።

ሱቁ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሻጩ ቀይ ጢም ያለው ደስተኛ ሰው ነበር። በደች ላም «ኩ» እንደሚባል አውቃለሁ። ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቢሆንም ፖስታውን አውጥቼ የጻፍኩትን አነበብኩለት። «ካልሲየም» አልኩት፤ «ፎር ላም።»

በደች ላም ማለት የበግ ግልገል ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ አልታወቀኝም።

«ተወልዷል?» አለኝ ሰውየው።

«ገና ነው። ልትወልድ ነው።»

«ስንት ይጠብቃሉ?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«ሁልጊዜ አንድ ነው የምትወልደው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ጠርሙስ አመጣልኝ። ትልቅ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ለአንድማ ይተርፋል» አለኝ። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ተሥሏል። መነጽሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም፤ ጥጃ መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ እንዳይፈስ በሦስት ፌስታል ጠቀለልኩትና በፕላስተር ደህና አድርጌ አሰርኩት። በሥራዬ ሁሉ ጠንቃቃ ነኝ።

በማግሥቱ ስኪፖል ሄጄ ለፀሐይ ሰጠኋት። ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷ መሐል ወሸቀችው።

«ይሄ ሰውዬ» አለች፤ «ስድስት ዓመት ጎን ለጎን በአንድ ክፍል ስንማር ታምሜ አንድ ቀን ውሃ አላቀበለኝም። አሁን ለላም ውቅያኖስ ያሻግረኛል።»

«አንቺ አትታለቢማ» አልኳት። እንዲህ ያለ ቀልድ ከአፌ ሲወጣ ሰምታ ስለማታውቅ አፏን ይዛ ሳቀች።

ባቡር ላይ ሆኜ ለወርቁ ደወልኩለት።

«አገኙ?»

«አገኘሁ። ሰጠኋት።»

«ትልቁን?»

«ይበቃል ብሎኛል ሰውየው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ፀሐይ አድርሳ ተመለሰች። ማርታ እስከ ቀኑ ድረስ እሽጉን እንዳትፈታው አባቷ አዟት ስለነበር እንደታሰረ አስቀመጠችው። ከአንድ ወር በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ወርቁ ደውሎ «ይውረዱ፣ ፔርላ ወለደች!» አለኝ። ስደርስ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ ጠረጴዛው ላይ አቁሞታል። ሴት ጥጃ ናት፤ ቆማ እየተንገዳገደች ትጠባለች። ማርታ ከጎኗ ትስቃለች። መልኳ እሱን ነው። «ይዩዋት፣ ይዩዋት» ይለኛል።

ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ስፓኒሽ አልሰማም፤ ግን የእጁን ጀርባ ሲያሳያት ጆሮዋን ንኪ እንዳላት ገባኝ። ማርታ ነካችና እሷም ሳቋን ተወች። እያየናት ፔርላ በፊት ጉልበቷ ተንበረከከች፤ ቀጥሎ የኋላዋ ከዳት። አንገቷን ወደ ጎኗ አጠፈች።

ወርቁ አልተረበሸም። ዝግጁ ነበር። እሽጉን አምጪ አላት። ማርታ ያሰርኩትን ፕላስተር በቢላ ስትቆርጥ ጊዜ ወሰደባት፤ አንዱን ፌስታል ፈታች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጠርሙሱን እንዲያየው ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

በዚያ ቀን መነጽሬን አድርጌ ነበር። ጥጃ አይደለም። ጠጉሩ የተጠቀለለ ግልገል ነው። ከሥሩ በትልልቁ ለደካማ ግልገሎች ጉልበት የሚሰጥ ቫይታሚን እንደሆነ ተጽፏል። ጠርሙሱ በማርታ መዳፍ ውስጥ ይገባል።

ወርቁ አነበበው። ስልኩን አንሥቶ ፊቱን ከእኔ አዞረው።

«እትዬ፣ እባክዎ ውሃ ያምጡልኝ» አለኝ። ድምፁ እንደወትሮው ነበር።

ማድ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። ብርጭቆው ሞልቶ እጄ ላይ ይፈሳል፤ እኔ ቆሜያለሁ። ስመለስ በሁለት እጁ የሆነ ነገር የሚነፋ ይመስላል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የማርታ ባል የብስክሌት መንፊያ ይዞ እየሮጠ መጣ። መድኃኒቱ ሳይፈጠር በፊት የድሮ አላቢዎች የወደቀችን ላም ጡት በአየር ነፍተው ያስነሡ እንደነበር ኋላ ነገረኝ። አንድ ሽማግሌ አላቢ ነው ያሳየው፤ እሱ በእጁ ሠርቶት አያውቅም። ባልየው ተንበርክኮ ጀመረ። ወርቁ «ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ በአማርኛ እየተናገረ እንደሆነ እንኳ አላወቀም። ስልኩ ጨለመ።

እዚያ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ደወለ፤ አልገባም። ደግሞ ደወለ። እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ተነሥታ ይሆናል» አልኩት።

«ይሆናል» አለኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ መልእክት ገባ። አነበበውና ስልኩን አስቀመጠ። «ሞተች» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ አነሣና ጻፈ።

«ምን አልካት?»

«ጥጃዋ ቆማለች ወይ አልኳት።»

ከዚያ በኋላ ማርታ አንድ ጊዜ እንደደወለች አውቃለሁ፤ እኔ አልነበርኩም። ከዚያ ወዲያ ጥሪው ቆመ። ወርቁ ግን በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ያስቀምጠዋል። «ኔትወርክ የላቸውም» ይለኛል። ፀሐይ ከዚያው መንደር ሰዎች ጋር በየቀኑ እንደምታወራ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሾርባ ሠርቼ እወርድ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ብዬ እነሣለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ የማወራው ስለ ዝናቡ ነው። እሱም ስለ ጠርሙሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጨው በዝቷል ይለኛል፤ ነርሷ ዛሬ ዘገየች ይለኛል። ማየቴን አላወቀም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲህ ሰባት ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ ያች ማክሰኞ መጣች።

በማግሥቱ ፀሐይ ከሮተርዳም መጣች። ለማርታ መርዶውን መንገር ነበረባት። በእሱ ቤት፣ በእሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ደወለችላት። የማርታን ልቅሶ ሰማሁ፤ ለልቅሶ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ጋብ ሲልላት፣ ፀሐይ ልትሰናበታት ስትል እጇን ያዝኩ።

«ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪልኝ። ጠርሙሱን የገዛሁት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ፀሐይ አልገባትም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ፎር ላም አሏቸው?» አለች። ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ከዚያ በስፓኒሽ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ማርታ የአባቷን ቋንቋ አታውቅምና፣ ላም ማለት በእኛ ምን እንደሆነ፣ በእነዚህ ሰዎች ደግሞ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረባት። ማርታ ስትመልስ ፀሐይ እየቆረጠች ተረጎመችልኝ።

«አባቴ ራሴ ገዛሁት ነው ያለኝ። ቸኩዬ ሳላነብ ገዛሁት አለኝ። እኔም ዕድሜህን ሁሉ ስለ ላም ስታወራ ኖረህ ለፔርላ የበግ መድኃኒት ላክህ፣ ከእንግዲህ ስለ ከብቶቼ አትጠይቀኝ አልኩት። ልክ ነሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩለትም።»

ፀሐይ ዓይኗን ጠረገች። ይቅር በይኝ እንድትልልኝ አሰብኩ፤ ይቅር የምትለው ምኑን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ላሟን ነው? አባቷን ነው?

ማርታ እንደገና ተናገረች፤ አሁን ድምፏ ትንሽ ነበር።

«እርስዎን ነው የምትጠይቀው» አለችኝ ፀሐይ። «በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያ በምንደዋወልበት ሰዓት፣ ይጠብቀኝ ነበር ወይ ነው የምትለው።»

ፀሐይ መልሱን ታውቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በዓይኗ አይታዋለች።

«በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ይወስደው ነበር በያት» አልኩ። «መድኃኒቱ ያስተኛው ነበር በያት።»

ፀሐይ አየችኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ እንዳልኳት ተናገረች።